አራት ፈርዲናንዶችና አንድ መኪና፦ የፖርሸ ቤተሰብ ነገር ሲፈታ

ቮልስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ገና ከመንገዱ ማዶ በድምጿ የምትታወቅ፣ ኮፋኖዋ ሲከፈት ሞተር ሳይሆን የሻንጣ ቦታ የሚገኝባት መኪና። ዋጋው አፍ የሚያስይዘው ፖርሸ የእሷ ታናሽ ወንድም ነው ብል የሚስቅብኝ ይኖራል። ግን ነው። ከአንድ ቢሮ ነው የወጡት፤ ሁለቱንም የሣሏቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፖርሸ ሞተር ራሱ ነካክተው ጉልበት የጨመሩለት የቮልስ ሞተር ነበር።

«ፈርዲናንድ ፖርሸ 911ን ሠራ» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። 911 የድርጅቱ ዝነኛ ስፖርት መኪና ነው። አባባሉ ልክ ነው። ልክም አይደለም። የድርጅቱ መሥራች ፈርዲናንድ ፖርሸ 911 ለሕዝብ ሲታይ ከሞተ 12 ዓመት አልፎት ነበር። መኪናውን የሣለው ሌላ ፈርዲናንድ ፖርሸ ነው፤ የልጅ ልጁ። ሞተሩ ላይ የሠራው ደግሞ ሌላ ፈርዲናንድ ነው፤ እሱም የልጅ ልጁ፣ ግን ፖርሸ የማይባል። መሃላቸው ደግሞ አንድ ሌላ ፈርዲናንድ አለ፤ የመጀመሪያው ልጅ፣ የሁለተኛው አባት፣ የሌላኛው አጎት። ግራ ገባችሁ? እኔም ለረጅም ጊዜ ገብቶኝ ነበር፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንፍታው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስሙ ደግሞ «ፖርሽ» ሳይሆን «ፖርሸ» ነው፤ ጀርመኖች መጨረሻዋን ፊደል አይውጧትም።)

መጀመሪያ የስሙን ነገር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችንን ስም አስከትለን እንሄዳለን፣ ሴቷም ወንዱም እኩል። እዚያ ግን የቤተሰብ ስም በወንድ ልጅ በኩል ይወርዳል፤ ሴቷ ስታገባ የባሏን ስም ትይዛለች፣ ልጆቿም እንደዚያው። ሽማግሌው ፈርዲናንድ ሁለት ልጆች ነበሩት። ሴቷ ሉዊዘ በ1904 ተወለደች፤ ወንዱ በ1909። ወንዱም ስሙ ፈርዲናንድ ነው፤ ሁሉም ሰው «ፌሪ» ይለው ነበር። ሉዊዘ አንቶን ፒየሽ የሚባል የቪየና ጠበቃ አገባች፤ ልጆቿ ፒየሽ ሆኑ። የፌሪ ልጆች ፖርሸ ሆኑ። በደም ያው ናቸው፤ በስም ግን ግማሹ ቤተሰብ መኪናው ላይ የተጻፈውን ስም ይዞ፣ ግማሹ ሳይዝ ቀረ። ይህንን ልብ በሉልኝ። ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ጭቅጭቅ ሁሉ ሥሩ ባይሆን እንኳ ቤንዚኑ ነው። (በኛ አጠራር ቢሆን ደግሞ የሽማግሌው አባት አንቶን፣ የፒየሽም አባት አንቶን ስለሆኑ አያትየውም የሴት ልጁ ልጅም ሁለቱም «ፈርዲናንድ አንቶን» ይባሉ ነበር። የባሰ!)

ሽማግሌው የተወለደው በ1875 ማፈርስዶርፍ በምትባል መንደር ነው። ያኔ የኦስትሮ ሀንጋሪ ግዛት ነበረች፤ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ናት። አባቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር፤ በዛሬው አነጋገር ላሜራ ሠሪ። ልጁም ያንኑ ሙያ እንዲይዝለት ነበር የሚፈልገው፤ ልጁ ግን ልቡ ኤሌክትሪክ ላይ ነበር። ገና ጎረምሳ ሳለ የወላጆቹን ቤት መብራት አስገባበት። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የለውም። በድርጅቱ ሕጋዊ ስም ላይ እስከ ዛሬ የተጻፈው «ዶክተር ኢንጂነር» የክብር ማዕረግ ነው።

አሁን የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ዛሬ አዲስ ነገር እንደመጣ ነው የምናወራው አይደል? ይሄ ሰው በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የታየ የኤሌክትሪክ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ሎነር ለሚባል የቪየና ሠረገላ ሠሪ። ሞተሮቹ ጎማው መሃል የተገጠሙ ናቸው፤ ማርሽ የለ፣ ሰንሰለት የለ። ባትሪው ከባድ ሆኖ ሲያስቸግር ደግሞ ቤንዚን ሞተር ጨምሮበት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭለት አደረገ። ያው ዛሬ ሃይብሪድ የምንለው ነው። ከዚያ ኦስትሮ ዳይምለር ገባ፣ በ1923 ሽቱትጋርት ወደ ዳይምለር ተሻገረ፣ የመርሰዲስን ዝነኛ የውድድር መኪናዎች ሠራ። ግን ከአለቆች ጋር አይስማማም። ግትር ነው፣ ቁጡ ነው፣ የሌላ ሰው ገንዘብ ሲያወጣ እጁ አይንቀጠቀጥም። ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ በ55 ዓመቱ የራሱን ቢሮ ከፈተ። ሚያዝያ 1931፣ ሽቱትጋርት።

ቢሮ ነው ያልኩት፤ ፋብሪካ አይደለም። ይሄ ነጥብ ብዙ ያስረዳል። ሥራቸው ለሌሎች መኪና ማውጠንጠን ነበር፤ ደንበኛ ይመጣል፣ እነሱ ይነድፉለታል፣ ያስከፍሉታል። ዲዛይነር የሚለው ቃል ደግሞ እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ሰው ነው የሚያጠቃልለው። አንዱ ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ሞላውንና አሞርዛተሩን የሚያሰላ መሐንዲስ ነው። ሌላው የመኪናውን ቅርፅ፣ ማለትም ቦዲውን የሚሥል። ሽማግሌው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ቦዲውን የሚሥለው ኤርቪን ኮሜንዳ የሚባል ኦስትሪያዊ ነው። ዋናው መሐንዲስ ካርል ራበ ነበር። የቮልስን ያንን ጠፍጣፋ ሞተር የነደፈው ፍራንትስ ራይምሽፒስ ነው፤ ሲሊንደሮቹ የተኙ ናቸው፣ ፒስተኖቹም እንደ ቦክሰኛ እጆች ወደ ግራና ቀኝ ይወረወራሉ፣ ለዚህም ነው ቦክሰር ሞተር የሚባለው። ሦስቱም ከኦስትሪያ ይዟቸው የመጣ ሰዎች ናቸው። ኮሜንዳ የሚባለውን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ቢሮው ሲከፈት ሦስት ባለድርሻዎች ነበሩት። ሽማግሌው 80 በመቶ። አማቹ አንቶን ፒየሽ 10 በመቶ። የቀረው 10 በመቶ አዶልፍ ሮዘንበርገር የሚባል የውድድር መኪና ነጂ ድርሻ ነበር፤ ገንዘብ ያመጣውም፣ የንግዱን ጎን የያዘውም እሱ ነው። ይሁዲ ነበር። በ1933 መጀመሪያ፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት ወር፣ ከሥራ አስኪያጅነቱ ወረደ። በ1935 ድርሻው እዚህ ግባ በማይባል ዋጋ ከእጁ ወጣና ለፌሪ ተላለፈ። በዚያው ዓመት ናዚዎች አስረው ማጎሪያ ካምፕ አስገቡት፤ ተፈትቶ ከአገር ወጣ፣ በመጨረሻም አሜሪካ ገባ፣ ስሙንም ቀየረ። ከጦርነቱ በኋላ ድርሻዬን ብሎ ሲከስ 50 ሺህ ማርክና አንድ መኪና ተሰጥቶት በ1950 ጉዳዩ ተዘጋ። በ1967 እዚያው አሜሪካ ሞተ። ለአሥርተ ዓመታት በድርጅቱ ታሪክ ውስጥ ስሙ ቢጠራ በጨረፍታ ነበር። ቤተሰቡ ስለ ሜካኒክና ስለ እሽቅድድም ሲያወራ አይደክመውም፤ ስለዚህ ሰውዬ ሲጠየቅ ግን አንደበቱ ይያዝ ነበር።

በ1934 ሂትለር ርካሽ «የሕዝብ መኪና» ይሠራ አለ፤ ዋጋዋ ከ1,000 ማርክ በታች እንድትሆን። ሥራው ለፖርሸ ቢሮ ተሰጠ። ቮልስዋገን ማለት ያው የሕዝብ መኪና ማለት ነው። እዚህም ላይ «ፖርሸ ፈጠራት» ማለት ይበዛበታል። ቅርጿን የሣለው ኮሜንዳ፣ ሞተሯን የነደፈው ራይምሽፒስ ነው። ያ ብቻ አይደለም፤ ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ታትራ የሚባል ፋብሪካ በጣም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ሲሠራ ነበር፣ ሞተር ከኋላ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ጀርባው ጎባጣ። የታትራ ሰዎች ሐሳባችን ተወሰደ ብለው ከሰሱ፤ ጦርነቱ መጣና ጉዳዩ ተዳፈነ፤ ከጦርነቱ በኋላ ቮልስዋገን ካሳ ከፍሎ ጨረሰው። ከ300 ሺህ በላይ ጀርመኖች ለመኪናዋ በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ቆጥበው ነበር። አንዳቸውም መኪና አልደረሳቸውም። ፋብሪካው ለጦርነት ዋለ፤ እስረኞች፣ ከተያዙ አገሮች በግድ የመጡ ሰዎች፣ ከማጎሪያ ካምፕ የተወሰዱ ሰዎች በሺዎች ተገደው ሠሩበት። ያንን ፋብሪካ በኃላፊነት ይመሩ የነበሩት ሽማግሌውና አማቹ ፒየሽ ናቸው። ሽማግሌው የናዚ ፓርቲ አባል ነበር፤ የኤስ ኤስ፣ የናዚዎቹ ታጣቂ ድርጅት፣ ማዕረግም ነበረው። ፖለቲካ አይገባውም ነበር፣ ነገረ ሥራው ከብረት ጋር ብቻ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ከሂትለር ጋር በአካል ተገናኝቶ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ፖለቲካ አልገባውም ቢባል ማን ያምናል።

በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ቦምቡን ሸሽተው ግሙንድ ወደምትባል የኦስትሪያ ገጠር ከተማ ገብተው ነበር፤ አንድ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ። በታኅሣሥ 1945 ፈረንሳዮች ሽማግሌውን፣ ፌሪንና አንቶን ፒየሽን አሰሯቸው። ፌሪ በ1946 ተፈታ። ሁለቱ ግን እስከ 1947 ክረምት ድረስ ቆዩ፤ የወጡትም በዋስ ነው። ለዋሱ የሚሆነው ገንዘብ የመጣው ደግሞ ፌሪ ለቺሲታሊያ፣ ለጣሊያን ኩባንያ፣ የውድድር መኪና ለመንደፍ ከተቀበለው ሥራ ነው። አባት እስር ቤት፣ አማች እስር ቤት፣ ቢሮው እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ፣ ያንን ሁሉ ይዘው የቆሙት ሉዊዘና ፌሪ፣ ከጎናቸውም ራበ ናቸው። ሉዊዘ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባትን ያህል አይወራላትም። ጠንካራ ሴት ነበረች፤ አንጀቷ እንደ አባቷ ነው ይሏታል።

በሰኔ 1948 ፌሪ በእንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ የሠራት አንዲት ክፍት ስፖርት መኪና የመንገድ ፈቃድ አገኘች። 356 ቁጥር 1። ሞተሯ የቮልስ፣ 1.1 ሊትር፣ 35 የፈረስ ጉልበት፤ ክብደቷ 600 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ቅርጿን ማን ሣለው? ኮሜንዳ። ላሜራው በእንጨት ቅርፅ ላይ በእጅ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ነው የተሠራው፤ የሽማግሌው አባት ሙያ በዞረ በሌላ በኩል መጣ ማለት ነው። ግሙንድ ውስጥ 50 ያህል መኪና ሠርተው በ1950 ወደ ሽቱትጋርት ተመለሱ፤ ቦዲውን ሮይተር የሚባል ድርጅት ይሠራላቸው ጀመር። (ሮይተርን በኋላ ገዙት፤ ወንበር የሚሠራው ክፍሉ ተለይቶ ዛሬ ሬካሮ የምንለው ሆነ። የስፖርት መኪና ወንበር የሚወድ ሰው ያውቀዋል።)

ቤተሰቡ ያኔ ሥራውን ለሁለት ከፈለ። ፌሪ ሽቱትጋርትን ያዘ፤ መኪና መሥራቱን። ሉዊዘ ሳልዝቡርግን ያዘች፤ ቮልስን ወደ ኦስትሪያ እያስገቡ መሸጡን። ቮልስ በዚያ ዘመን እንደ ትኩስ ዳቦ ነበር የምትሸጠው፤ ስለዚህ ብሩ ያለው ብዙ ጊዜ እህትየዋ ጋ ነው። በዚያ ላይ ቮልስዋገን ከምትሸጠው እያንዳንዷ ቮልስ ለፖርሸ ክፍያ ይገባ ነበር። ሽማግሌው በጥር 1951 ሞተ፣ አንቶን ፒየሽ በ1952። ከዚያ በኋላ ውርሱ እኩል በእኩል ሆነ፦ ግማሹ የፌሪ ቤት፣ ግማሹ የሉዊዘ ቤት። ሁለቱም አራት አራት ልጆች ነበሯቸው። ቆይቶ ድርሻው አሥር ቦታ ተከፈለ፤ ፌሪና አራት ወንዶች ልጆቹ፣ ሉዊዘና አራት ልጆቿ፣ እያንዳንዳቸው 10 በመቶ። ለፍትሕ ብታዩት የሚያምር ነው። ለመወሰን ግን? አምስት ለአምስት ከሆነ ማን ያሸንፋል? ማንም።

እስቲ ወደ መኪናው። በ1950ዎቹ መጨረሻ 356 እያረጀ ስለነበር ተተኪ ያስፈልግ ነበር። የፌሪ የመጀመሪያ ልጅ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር፣ በቤት ስሙ ቡትዚ፣ በ1957 ኮሜንዳ ስር ሥራ ጀመረ። ኡልም ከተማ ያለው ዝነኛ የዲዛይን ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይጨርስ ነው የመጣው። ዝምተኛ ነው፤ በእጁ ጭቃ አድቦልቡሎ ቅርፅ ማውጣት ይወዳል። ኮሜንዳ ደግሞ ከአያቱ ጋር የሠራ አንጋፋ ነው፤ ቮልስንም 356ንም የሣለ። አለቃው ኮሜንዳ፣ የባለቤቱ ልጅ ቡትዚ። እንግዲህ አስቡት። ኮሜንዳ ለአራት ሰው በደንብ የሚሆን ረዘም ያለ መኪና ፈለገ፤ ፌሪ ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከ2.2 ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። የቡትዚ ሥዕል ወደ ኮሜንዳ ክፍል ሄዶ ሲመለስ እየተለወጠ፣ እያበጠ ይመለስ ነበር። በመጨረሻ ፌሪ የልጁን ሥዕል አንሥቶ ሮይተር ወስዶ ሰጠ፤ የኮሜንዳ ክፍል ታለፈ ማለት ነው። ኮሜንዳ ያኔ ተቀየመ፣ በኋላ ግን ሠራበት። በ1966 ሞተ።

የወጣው መኪና ምንም ጌጥ የለውም። ከፊት መብራቱ ጀምሮ ጣሪያውን ይዞ ጅራቱ ድረስ የሚወርድ አንድ መስመር ነው። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ሊትር፣ 130 የፈረስ ጉልበት። በመስከረም 1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲታይ ስሙ 901 ነበር። ፔዦ ግን ተነሣ፤ መሃሉ ዜሮ የሆነ ባለሦስት አሃዝ ስም የኔ ነው አለ፤ 203፣ 403፣ 404 የሚባሉትን አስታውሱ። ፖርሸዎች አልተከራከሩም፤ ዜሮዋን አውጥተው አንድ ከተቱ። 911። በታሪክ ውስጥ ካሉ የመኪና ስሞች ሁሉ ዝነኛው የተገኘው እንዲህ ነው፤ በፔዦ ቁጣ።

ሞተሩ ላይ ከሠሩት መካከል ሃንስ ሜትዝገር የሚባል መሐንዲስ አለ፤ ሌላው የሉዊዘ ልጅ ነው፤ አራተኛው ፈርዲናንድ። ፈርዲናንድ ፒየሽ በ1937 ተወለደ፤ ዙሪክ ተምሮ በ1963 ፖርሸ ገባ። የአያቱ ግልባጭ ነበር፤ መሐንዲስነቱም፣ ግትርነቱም፣ የገንዘብ አወጣጡም። እሽቅድድሙን በእጁ ካስገባ በኋላ አጎቱን ፌሪን እንቅልፍ የነሳ ነገር ሠራ። የውድድሩ ሕግ ቢያንስ 25 መኪና የሠራ ብቻ ይገባል ይላል፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ማንም 25 እንዲህ ያለ አውሬ አይሠራም ብለው ነበር። ፒየሽ ሠራ። በሚያዝያ 1969 917 የተባለውን የውድድር መኪና ሃያ አምስቱን በተርታ አሰልፎ ተቆጣጣሪዎቹን ቁጠሩ አላቸው። ባለ12 ሲሊንደር፣ መጀመሪያ ላይ ነጂዎቹ ራሳቸው የሚፈሩት መኪና ነው። በ1970 «ለ ማን» በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት እሽቅድድም ላይ ፖርሸ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ወጣ፤ ሃንስ ኸርማንና ሪቻርድ አትዉድ የነዱት ቁጥር 23፣ ቀይና ነጭ መኪና። አሁን እዩልኝ፤ ያ ቀይና ነጭ የኦስትሪያ ቀለም ነው። መኪናዋን ያሰለፈው የሳልዝቡርጉ ቡድን ነው። የእናቱ ቤት።

በዚያው ዓመት መጸው ላይ ፌሪ ሁሉንም ጠራቸው። ኦስትሪያ ውስጥ ዜል አም ዜ አጠገብ ሹትጉት የሚባል የቤተሰቡ እርሻ አለ፤ ሽማግሌውም የተቀበረው እዚያ ነው። አሥሩ ባለድርሻዎች ተሰበሰቡ። ቡትዚ ዲዛይኑን ይመራል፣ ሌላው ወንድሙ ምርቱን፣ ፒየሽ ቴክኒኩን፤ ሦስቱም የዋናውን ወንበር ይመለከታሉ። ሊታረቁ የተሰበሰቡት የባሰ ተጣልተው ተለያዩ። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ማንም አይመራም። በ1972 ሁሉም የቤተሰብ አባላት ከሥራ ወጡ፤ ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሆኖ ለተቀጠሩ ሰዎች ተሰጠ፤ እነሱ በቦርድ ብቻ ተቀመጡ። 911ን የሣለው ልጅ ሽቱትጋርት ውስጥ የራሱን የዲዛይን ቤት አቋቋመ፣ ቆይቶም ወደ ዜል አም ዜ አዛወረው፤ ፖርሸ ዲዛይን፣ ሰዓት፣ መነጽር፣ የትምባሆ ፒፓ ሳይቀር። ጥቁሩን የእጅ ሰዓቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፒየሽ አውዲ ገባ። (በዚያው ሰሞን የአጎቱን ልጅ ሚስትም ይዞ ሄደ፤ 12 ዓመት አብረው ኖሩ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቤቶች ግብዣ ላይ ምን ዓይነት ወሬ ይወራ እንደነበር መገመት አያቅትም።)

ከዚህ በኋላ ቅርፁን የሣሉት ባዳዎች ናቸው። አናቶል ላፒን፣ ሪጋ ተወልዶ አሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ የሠራ፣ ክፍሉን ያዘ። በሱ ዘመን ሞተሩ ከፊት የሆነው 928 መጣ፤ ድርጅቱን የሚመራው ኤርንስት ፉርማን 911ን በሱ ሊተካ አስቦ ነበር። መኪናው ሽልማት አገኘ፤ የ911 ወዳጆች ግን ፊታቸውን አዞሩ። በ1981 ፒተር ሹትዝ መጣ። በርሊን የተወለደ ይሁዲ ነው፤ ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ናዚዎችን ሸሽቶ አሜሪካ ወሰደው። ሮዘንበርገር ከተባረረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ያንኑ ድርጅት ይመራ ዘንድ ናዚን የሸሸ ይሁዲ ተጠራ። የዋናው መሐንዲስ ግድግዳ ላይ የየመኪናው ዕድሜ በመስመር ተሥሎ ነበር፤ የ911 መስመር 1981 ላይ ያልቃል። ሹትዝ እስክርቢቶ አንሥቶ መስመሩን ከወረቀቱ አሳልፎ፣ በግድግዳው ላይ ወስዶ፣ በበሩ አወጣው። 911 ዛሬ ያለው በዚያች መስመር ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1993 ቬንዴሊን ቪዴኪንግ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ተሾመ፤ የጃፓን አማካሪዎች አምጥቶ ፋብሪካውን አስተካከለ። ሆላንዳዊው ሃርም ላጋይ ቦክስተርንና 996 የተባለውን 911 አብሮ አወጣ። ወጪ ለመቆጠብ የሁለቱን ግማሽ ፊትና በር አንድ አደረጉት፣ ሞተሩም በውሃ የሚቀዘቅዝ ሆነ። የፊት መብራቱ ጀርመኖቹን የተጠበሰ እንቁላል አስመሰላቸው፤ ተሳለቁበት። እኔ በዚያ መብራት ላይ ጥላቻ የለኝም፤ እነዚያ ሁለት መኪናዎች ባይኖሩ ኖሮ የዛሬውን ፖርሸ የሚያይ አልነበረም። በ2002 ካየን መጣ፣ ባለሥጋ መኪና፣ ኤስ ዩ ቪ የሚባለው ዓይነት፤ እሱም ከቮልስዋገን ቱዋሬግ ጋር ባለአንድ አጥንት ነው። በ2004 ላጋይን ሚካኤል ማወር ተካው።

እንግዲህ ገንዘብ ተትረፈረፈ። በ2005 ፖርሸ የቮልስዋገንን አክሲዮን መግዛት ጀመረ። ታናሹ ታላቁን! ያኔ የቮልስዋገን የተቆጣጣሪ ቦርድ ሊቀመንበር ማነው? ፈርዲናንድ ፒየሽ። በአውዲ በኩል ወጥቶ የቮልስዋገን አለቃ ሆኗል፤ የፖርሸም ባለድርሻ ነው። ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሌላ ወገን ከ2007 ጀምሮ የፖርሸ ቦርድ ሊቀመንበር የሆነው የፌሪ የመጨረሻ ልጅ ቮልፍጋንግ ነበር፤ የቪዴኪንግ ደጋፊ።

በጥቅምት 2008 የሆነውን በበግ ላስረዳ። የጎረቤትህን በግ ተበደርክ እንበል። ዛሬ ሸጥከው፤ ነገ ዋጋ ሲወርድ በርካሽ ገዝተህ ልትመልስ፣ ልዩነቱን ልትበላ። የአክሲዮን ነጋዴዎች በቮልስዋገን ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እሁድ ዕለት ፖርሸ አንድ መግለጫ አወጣ፦ 42.6 በመቶ እጄ ገብቷል፣ ሌላ 31.5 በመቶ በውል አስሬያለሁ። 20 በመቶ ደግሞ የኒደርዛክሰን ክልል መንግሥት ይዞታል፣ አይሸጥም። ገበያ ላይ የቀረው 6 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። በጉን የተበደሩት ሁሉ ሰኞ ጠዋት ገበያ ወጡ፤ በግ የለም። 210 ዩሮ ገደማ የነበረው አክሲዮን ማክሰኞ ዕለት ከ1,000 ዩሮ አለፈ፤ ቮልስዋገን ለአፍታ በዓለም ላይ በዋጋ አንደኛው ኩባንያ ሆነ።

ፖርሸ አሸነፈ ብለው ያጨበጨቡ ነበሩ። ግን ግዢው በብድር ነበር፤ የዓለም ባንኮችም በዚያው ሰሞን እየተፍረከረኩ ነበር። ዕዳው ከአሥር ቢሊዮን ዩሮ አለፈ፣ አበዳሪ ጠፋ። ፒየሽ ዝም ብሎ ጠበቀ። በሐምሌ 2009 ቪዴኪንግ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይዞ ወጣ፤ ሊውጥ የመጣው ፖርሸ በ2012 ሙሉ በሙሉ በቮልስዋገን ተዋጠ። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፦ ቤተሰቡ አልከሰረም። የሁለቱን ቤቶች ድርሻ አንድ ላይ የሚይዘው መያዣ ኩባንያ ፖርሸ ኤስ ኢ ዛሬም በቮልስዋገን ውስጥ ከድምፁ 53.3 በመቶውን ይዟል። መኪና ሠሪውን ፖርሸ ሸጡ፣ ገዢውን ቮልስዋገን ያዙ። ሽማግሌው ተከፍሎት ከነደፋት መኪና የተነሣው ኩባንያ፣ በሥሩ ካሉት ከአውዲ፣ ከስኮዳና ከላምቦርጊኒ ጋር፣ በልጅ ልጆቹ ድምፅ ስር ሆነ።

ፒየሽ ራሱ በ2015 ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ጋር ተጣልቶ ከቦርዱ ወጣ፤ በድምፅ ከረቱት አንዱ የአጎቱ ልጅ ቮልፍጋንግ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አብዛኛውን ድርሻውን ለዘመዶቹ ሸጠ፣ በነሐሴ 2019 ሞተ። ቡትዚ ቀድሞት በ2012 አርፏል።

ኮሜንዳን እንመለስበታለን ብዬ ነበር። ልጁ «የዛሬው 911 መልክ ከአባቴ 356 የወረደ ነው፤ ተገቢውን ድርሻ ስጡኝ» ብላ ከስሳ ጉዳዩ እስከ ጀርመን የበላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሚያዝያ 2022 ፍርድ ቤቱ 991 የሚባለው 911 ከ356 በበቂ ርቋል፣ የራሱ ሥራ ነው አለ። በዚያው ዓመት መስከረም 29 ቮልስዋገን የፖርሸን አክሲዮን ፍራንክፈርት ላይ ለገበያ አቀረበ፤ አንዱ በ82.50 ዩሮ። ድምፅ ካላቸው አክሲዮኖች ውስጥ 25 በመቶና አንድ አክሲዮን፣ ማለትም ውሳኔ ለማገድ የሚበቃ ድርሻ፣ ተመልሶ ወደ ሁለቱ ቤቶች መያዣ ኩባንያ ገባ። የአክሲዮኖቹን ጠቅላላ ብዛት እንዲሁ በአጋጣሚ አልወሰኑትም፤ 911 ሚሊዮን ነው።